ፍላተርን ያለ ኢሙሌተርና ያለ ኢንተርኔት መፈተሽ

ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተቀምጦ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ዋናው ጥያቄ ዳታ ሲያልቅና መብራት ሲጠፋ አፑን የሚፈትሸው ኮድ፣ ማለትም ቴስቱ፣ ይሮጣል ወይ የሚለው ነው። በፍላተር (የሞባይል አፕ መሥሪያ መሣሪያ) ይሮጣል። ዩኒት ቴስት (አንዲትን የኮድ ክፍል የሚፈትሽ) እና ዊጅት ቴስት (የስክሪኑን ክፍሎች የሚፈትሽ) እዚያው ላፕቶፑ ላይ ስለሚሠሩ ስልክም ኢሙሌተርም (ኮምፒውተር ላይ ስልክን የሚያስመስል ፕሮግራም) አይጠይቁም። ስለዚህ አብዛኛውን ሥራ በእነዚህ ሁለቱ ፈትሹ፤ ስልክ ላይ ሙሉውን አፕ የሚፈትሸው ኢንተግሬሽን ቴስት ለመግቢያና ለክፍያ ዓይነት ጥቂት ወሳኝ መንገዶች ብቻ ይሁን።

ኪስ የሚጎዳው ማውረዱ ነው። ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ በአንድ ቁጭታ ጨርሱት። ፍላተርንና አንድሮይድ ኤስዲኬን ጭናችሁ ብቻ እንዳትመለሱ፤ ፕሮጀክቱን እዚያው እስከ ኤፒኬ (ስልክ ላይ የሚጫነው ፋይል) ድረስ ቢልድ አድርጉት። ግሬድል (የአንድሮይዱን አፕ ቢልድ የሚያደርገው መሣሪያ) የሚፈልጋቸውን ፋይሎች የሚያወርደው ያን ጊዜ ነው። ቤት ከገባችሁ በኋላ «ፍላተር ፐብ ጌት» ላይ «ኦፍላይን» ስትጨምሩ ፓኬጆቹን ከካሽ (ቀድሞ ወርዶ ላፕቶፑ ላይ ከተቀመጠው) ያነሳል።

ከዚያ ቢልድ በፊት በፕሮጀክቱ አንድሮይድ ፎልደር ውስጥ ሁለት ፋይሎች መስተካከል አለባቸው። አንደኛው የግሬድል ራፐር ፕሮፐርቲስ ነው። የሚወርደው ዚፕ ስሙ መጨረሻ ላይ «ኦል» የሚል ካለበት «ቢን» ብላችሁ ቀይሩት፤ ዶክመንቴሽንና ሶርስ ኮድ ስለማይዝ መጠኑ ያንሳል፣ ቢልዱ ግን ምንም አይጎድልበትም። ሁለተኛው ግሬድል ፕሮፐርቲስ ነው። በቅርብ ስሪቶች የተፈጠረ ፕሮጀክት ለግሬድል እስከ 8 ጊጋ ራም ይፈቅዳል። ላፕቶፑ ራሱ 8 ጊጋ ከሆነ ማሽኑ ይንቀራፈፋል፤ ወደ 2 ጊጋ አውርዱት።

ግሬድል ሲወርድ መሀል ላይ ዳታ ካለቀ ዚፑ ግማሽ ሆኖ ሊቀርና በሚቀጥለው ቢልድ «ዚፕ ኤንድ ሄደር ኖት ፋውንድ» የሚል ስህተት ሊመጣ ይችላል። «ፍላተር ክሊን» እዚህ ላይ አይረዳም፤ የሚያጠፋው የፕሮጀክቱን ቢልድ እንጂ የተበላሸውን ዚፕ አይደለም። ሆም ፎልደር ውስጥ ወዳለው ዶት ግሬድል ግቡና ራፐር፣ ቀጥሎ ዲስትስ ውስጥ ያንን ስሪት ብቻ አጥፉ። ዶት ግሬድልን በሙሉ ያጠፋ ሰው ሌላ የዳታ ጥቅል ይግዛ።

ኢሙሌተሩን ተዉት። ራም ይበላል፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ ደግሞም ተጠቃሚው እጅ ላይ ያለውን ርካሽ ስልክ አይመስልም። አንድ መካከለኛ ቴክኖ ይበልጥ እውነቱን ይነግራችኋል። ሴቲንግ ውስጥ «ቢልድ ነምበር»ን 7 ጊዜ ንኩ፤ በሚከፈተው ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ ዩኤስቢ ዲበጊንግን አብሩ። ላፕቶፑ ስልኩን ጨርሶ ካላየው መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ገበያው ላይ ሞልቷል። «አንኦተራይዝድ» ካለ ግን ስልኩ ስክሪን ላይ ያልተፈቀደ ጥያቄ እየጠበቀ ነው።

ሰርቨራችሁ ላፕቶፑ ላይ ፖርት 8080 ላይ ከሆነ ከአንድሮይድ ኤስዲኬ ጋር በሚመጣው ኤዲቢ (ላፕቶፑን ከስልኩ ጋር የሚያገናኝ ትእዛዝ) «ኤዲቢ ሪቨርስ ቲሲፒ 8080 ቲሲፒ 8080» በሉ። ስልኩ ሎካልሆስት ሲል ላፕቶፑን ያገኛል፤ ዋይፋይም ዳታም አያስፈልግም፣ ሁሉም በኬብሉ ያልፋል። ኬብሉ ተነቅሎ ከተሰካ ትእዛዙን ድገሙት።

ዊጅት ቴስት ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልባቸው ነገሮች አሉ። የኤችቲቲፒ ጥያቄ ሁሉ ሆን ተብሎ 400 ይመለስበታል፤ ሰርቨሩ አልተበላሸም፣ ሞክ ክላየንት (የተዘጋጀ መልስ የሚሰጥ አስመሳይ) ስጡት። እንቅስቃሴ ሁሉ እስኪቆም የሚጠብቀው «ፓምፕ አንድ ሴትል» የሚሽከረከር የሎዲንግ ምልክት ባለበት ስክሪን ላይ ጊዜው አልቆ ይወድቃል፤ እንቅስቃሴው ማለቂያ የለውምና። እዚያ ላይ የተወሰነ ጊዜ የተሰጠው «ፓምፕ» ተጠቀሙ።

አማርኛ ላይ ግን ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የቴስቱ መደበኛ ፎንት እያንዳንዱን ፊደል አራት ማዕዘን ሣጥን አድርጎ ይስላል፤ የስክሪኑም መጠን 800 በ600 ነው። በዚህ ሁኔታ «የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ» የሚል በተን ስልክ ላይ ሙሉ በሙሉ ይታይ ይሁን ይቆረጥ አታውቁም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በፎንት ሎደር ጫኑ፣ በአፑ ቲም (የገጽታ ቅንብር) ላይም በዚያው ስም ጥሩት። ቀጥሎ ፊዚካል ሳይዙን 720 በ1280፣ ፒክስል ሬሾውን 2 አድርጉ፤ 360 በ640 የሆነ ጠባብ ስክሪን ይሆናል። ቴስቱ ሲያልቅ ወደ ነበረበት መመለስ አትርሱ፤ አለዚያ ቀጣዩ ቴስት ያለ ጥፋቱ ይወድቃል።

ፍለጋ ያለው አፕ ከሆነ ፀሐይ፣ ፀሀይና ጸሀይ ብሎ የጻፈ ሁሉ አንድ ውጤት ማግኘቱን በዩኒት ቴስት አረጋግጡ። ሥራና ስራ፣ ዓለምና አለምም እንዲሁ። ቀን የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ ጳጉሜን ፈትሹ፦ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ነው፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ግን መስከረም 1 ቀን 2017። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው፤ ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11ን እንቁጣጣሽ የሚያደርግ ኮድ ወዲያው ይጋለጣል። ሰዓትን በተመለከተ «ዴት ታይም ናው»ን ኮዱ ውስጥ በቀጥታ አትጥሩ፤ ከውጭ ሲሰጠው ነው ከጠዋቱ 1 ሰዓትን ማታም መፈተሽ የሚቻለው።

አይፎን ላይ መሞከር ማክ ይፈልጋል፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም አቋራጭ የለውም። በዳርት (የፍላተር ቋንቋ) የጻፋችኋቸው ቴስቶች ግን የጋራውን ኮድ እዚህም ይፈትሹታል።

ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት የሪሊዝ (ለተጠቃሚ የሚሰጠውን) ኤፒኬ ያንኑ ስልክ ላይ ጭናችሁ ክፈቱት። ፍላተር ፕሮጀክት ሲፈጥር የኢንተርኔት ፈቃዱን ለመሥሪያና ለመመዘኛ በሚያገለግሉት የዲበግና የፕሮፋይል ማኒፌስት (አፑ የሚፈልጋቸውን ፈቃዶች የሚይዝ ፋይል) ላይ ብቻ ያስቀምጣል። ሜይን ውስጥ ባለው ማኒፌስት ላይ ካልጨመራችሁት ስትሠሩበት የከረመው አፕ ሪሊዝ ላይ ከሰርቨሩ ጋር አይገናኝም።