ከበሩ ጀርባ ያለችው ወረቀት

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ተባለ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ ምን እንደምጽፍ የወሰንኩት ያኔ ነው። ከገጠር መጥተው ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች እንዴት እንደሚኖሩ ማወቅ ፈለግኩ።

አጀማመሬ ልክ አልነበረም። ልጆቹን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠርቶ አስተዋወቀኝ። ሁሉም እሺ አሉ። እዚያ ቢሮ ቆሞ ማን እምቢ ይላል? መቅጃውን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ስጠይቅ መልሱ «ደህና ነው»፣ «ምንም አይልም» ብቻ ሆነ። ከግቢ ውጪ አንድ በአንድ ደግሜ ጠየቅኋቸው። ሁለቱ ይቅርብን አሉ። ከቀሩት ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ሊቀበሉ ሲሄዱ ገበያ አብሬ ወረድኩ። ወሬው የመጣው መንገድ ላይ ነው።

አራት ሴቶች አንድ ክፍል ተከራይተዋል። እኔም ሴት ስለሆንኩ አስገቡኝ። ከበሩ ጀርባ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ተለጥፏል። «2 ብርጭቆ በሶ»፣ «1 ሻማ» ይላል፤ ከጎኑ ስም። «ምግብ የሚያጥራቸው፣ በብድር የሚኖሩ» ብዬ ጻፍኩ።

ረቂቁን ለአንዷ ወሰድኩላት። ጋቢዋን ተከናንባ ቀስ ብላ አነበበችው።

«ቲቸር፣ ይቺ ልጅ ታሳዝናለች። እኔ ግን እንዲህ አይደለሁም።»

ከዚያ ወረቀቱን አስረዳችኝ። የአንዷ ስንቅ ሲዘገይ ከሌላዋ ይበላል፣ ይጻፋል፣ ቅዳሜ ይመለሳል። ፈተና የደረሰባት ውኃ አትቀዳም፤ እሱም ይጻፋል። «አንድም ቀን ጾማችንን አላደርንም» አለችኝ።

ምዕራፉን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ውርጩም ኪራዩም አሉበት፤ የልጆቹ ብልሃት ግን ቀደመ።

ስም መቀየርም አይበቃም። የአንዲት ልጅን ስም ቀይሬ የአባቷን ሥራ እንዳለ ትቼው ነበር። አገሩን የሚያውቅ መምህር ሁለት መስመር አንብቦ «የእገሌ ልጅ ናት» አለኝ። በጣም ደነገጥኩ። አምናኝ ያወራችውን ሰፈር ሁሉ ሊያነበው ነበር። ያንን ክፍል በሙሉ አወጣሁት።

ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩ ዕለት ወረቀቱ ላይ አዲስ መስመር አየሁ፦ «ቲቸር፣ 1 ኪሎ ስኳር»። ባለፈው የወሰድኩላቸው ነው። ስወጣ በፌስታል በሶ አስይዘው ሸኙኝ፣ መስመሩንም ሰረዙት።