በቅላጼው የተፈረደበት ፊልም

ፊልም በግርጌ ጽሑፍ እየታገዘ የሚያይ ሰው፣ ተዋናዮቹ ቃላቱን እንዴት አድርገው እንደሚያወጡ እምብዛም አያስተውልም። ዓይኑ ከጽሑፉ ወደ ፊታቸው፣ ከፊታቸው ወደ ጽሑፉ ሲመላለስ ድምፃቸው ከውጭ እንደሚሰማ ዝናብ ይሆንበታል። «ዋይልድ ማውንቴን ታይም» የተባለውን በአየርላንድ ገጠር የተሠራ የፍቅር ኮሜዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እንዲህ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ግራ ያጋባኝ መጨረሻ ላይ የሚገለጠው ምስጢር እንጂ የማንም ሰው አነጋገር አልነበረም። በማግስቱ ስለ ፊልሙ የተጻፈውን መፈለግ ስጀምር ግን ያገኘሁት ነቀፋ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚነሣው ከቅላጼው ነበር፤ ብዙውም እዚያው ላይ ይቆም ነበር። እኔ ሳልሰማው ያለፍኩት ነገር ለሌላው የፊልሙ ሞት ሆኖ ማግኘቴ ነው ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ።

ፊልሙ የወጣው በዲሴምበር 2020 ነው (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጽፎ ያዘጋጀው ጆን ፓትሪክ ሻንሊ «ሙንስትራክ» ለተባለው ፊልም በጻፈው ድርሰት ኦስካር፣ «ዳውት» በተባለው ተውኔቱ ደግሞ የፑሊትዘር ሽልማት የተሸለመ ሰው ነው፤ ስለዚህ ጀማሪ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የፊልሙ መነሻም «አውትሳይድ መሊንጋር» የተባለው የራሱ ተውኔት ሲሆን፣ በ2014 በብሮድዌይ መድረክ ታይቶ ለምርጥ ተውኔት የቶኒ ሽልማት ታጭቶ ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። ሮዝሜሪና አንተኒ እርሻቸው የሚዋሰን ጎረቤታሞች ናቸው። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ትወደዋለች፤ እሱ ደግሞ ለራሱም ግልጽ ባልሆነ ምክንያት አንዲት ቃል አይተነፍስም። ልጁ ሚስት እንደማያገባ ተስፋ የቆረጠው አባት እርሻውን አሜሪካ ላለው የወንድሙ ልጅ ለማውረስ ያስባል፤ ያ ዘመድም በተከራየው ሮልስ ሮይስ እያሽከረከረ ከች ይላል።

ጣጣው የጀመረው ፊልሙ ሳይወጣ ነው። በኖቬምበር 2020 ማስታወቂያው ሲለቀቅ የአየርላንድ ሰዎች በማኅበራዊ መገናኛ ተረባረቡበት። ዳብሊን ውስጥ ስለ ሌፕረኮን፣ ማለትም በአየርላንድ ተረት ውስጥ ስላሉት ድንክ ፍጡራን የሚተርክ ሙዚየም አለ፤ ያ ሙዚየም ሳይቀር ይህስ ለእኛም በዛብን የሚል መልእክት በትዊተር ለጠፈ። ከዚህ በላይ የሚያስቅ ትችት የጻፈ ሐያሲ ያለ አይመስለኝም። ሮዝሜሪን የምትጫወተው ኤሚሊ ብለንት የለንደን ልጅ ናት። አባትየውን የሚጫወተው ክሪስቶፈር ዎከን የኒውዮርክ ኩዊንስ ተወላጅ ሲሆን፣ ንግግሩን ከየት አገር እንዳመጣው አድማጮቹ ሊስማሙ አልቻሉም። የሚገርመው ደግሞ አንተኒን የሚጫወተው ጄሚ ዶርናን ቤልፋስት አጠገብ ካለችው ሆሊውድ ከተማ የመጣ የደሴቲቱ ተወላጅ መሆኑ ነው፤ እሱም ቢሆን የሌላ አውራጃ ሰው መስሎ ለመናገር ሲሞክር ከወቀሳው አላመለጠም። በአየርላንድ ቅላጼ ከአውራጃ አውራጃ ስለሚለያይ፣ የሰሜኑን ሰው የሌላ አውራጃ ገበሬ ማድረግ ለአገሬው ጆሮ ትንሽ ስሕተት አይደለም።

ሻንሊ ለዚህ ሁሉ የሰጠው መልስ በግርድፉ፣ ፊልሙን የሠራው ለዓለም ተመልካች መሆኑንና ሰዎቹ በእውነተኛው የአካባቢው ቅላጼ ቢናገሩ ኖሮ ከአገሩ ውጭ ማንም እንደማይረዳቸው ነው። ይህን መልስ አልወደድኩትም። አለመረዳትን በግርጌ ጽሑፍ ማለፍ ይቻላል፤ እኔም በየቀኑ የማደርገው ይህንኑ ነው። ይልቅስ አባቱ ከአየርላንድ ተሰዶ ኒውዮርክ የገባ፣ ራሱ ብሮንክስ ያደገ ሰው መሆኑን ቢያነሣ ይሻል ነበር። ተውኔቱ የተጠነሰሰው አባቱን ይዞ ወደ ቤተ ዘመዱ እርሻ በሄደበት ጊዜ ነው። በጆሮው ይዞት የኖረው የአየርላንድ ድምፅ ከስደተኛ ቤት የሰማው ነው፤ የስደተኛ ልጅ ትዝታም አገሬው ከሚኖርበት አገር ጋር ልክ ለልክ ሊገጥም አይችልም።

ፊልሙ በተቀረጸበት በማዮ አውራጃ እንዲህ ያለው ጠብ ሲነሣ የመጀመሪያው አይደለም። ጆን ሚሊንግተን ሲንግ በማዮ የባሕር ዳርቻ የሚፈጸም አንድ ኮሜዲ ጽፎ በጃንዋሪ 1907 ዳብሊን በሚገኘው አቢ ቲያትር ሲታይ፣ ተመልካቹ የአየርላንድን ገበሬ ሰደበብን ብሎ አዳራሹን በጩኸት ናጠው። ሲንግ ያቀረባቸው ገበሬዎች አባቴን ገደልሁ የሚለውን ወጣት እንደ ጀግና የሚያከብሩ ነበሩና ቁጣው አይፈረድበትም፤ ሆኖም ያ ተውኔት ዛሬ አገሪቱ ከምትኮራባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። በ1951 ደግሞ ጆን ፎርድ፣ ወላጆቹ ከጎልዌይ የተሰደዱ አሜሪካዊ፣ በማዮና በጎልዌይ ወሰን ላይ በምትገኘው ኮንግ መንደር «ዘ ኳየት ማን»ን ቀረጸ። በሥራው የኦስካር የዳይሬክተርነት ሽልማት አገኘ፤ አየርላንድን የሰካራምና የተደባዳቢ አገር አደረጋት የሚል ወቀሳም እስከ ዛሬ ይከተለዋል። የኮንግ ሰዎች ግን የሁለቱን መሪ ተዋንያን ሐውልት በመንደራቸው አቁመው ጎብኚ ይቀበላሉ። የአገሬው አስተያየት አንድ ወጥ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም፤ ዳብሊን የሚጽፈው ሐያሲና ጎብኚ የሚያስተናግደው የመንደር ሰው አንዱን ፊልም በአንድ ዓይን አያዩትም።

የ2020ውን ፊልም ከሲንግ ጋር አንድ ላይ መመዘኔ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ሲንግ አራን ደሴቶች ድረስ ሄዶ፣ ከሰዎቹ ጋር እየኖረ ያዳመጠውን ነው የጻፈው። እኔ ማለት የፈለግሁት፣ «እኛ እንዲህ አይደለንም» የሚለው ቁጣ ትክክል ሆኖ ሳለ ስለ ሥራው ጥሩነት ወይም መጥፎነት ገና ምንም እንዳልነገረን ነው። ፊልሙን ከቅላጼው አርቀን ስናየው ምን ይቀራል?

እንደ እኔ ከሆነ አንድ እውነተኛ ነገር ይቀራል፤ እሱም መሬቱ ነው። ከ1840ዎቹ ታላቅ ረኃብ በኋላ የአየርላንድ ገበሬ እርሻውን ለልጆቹ ሁሉ መሸንሸን ትቶ ለአንድ ወራሽ ብቻ ማስተላለፍን አጠነከረ። ወራሹም አባትየው መሬቱን በስሙ እስኪያዛውርለት ድረስ ትዳር መያዝ ስለማይችል፣ ጎልማሳ ሆኖ በአባቱ ቤት እንደ ልጅ የሚታዘዝ፣ ብዙ ጊዜም ሳያገባ የሚያረጅ ወንድ በገጠሩ የተለመደ ሆነ። ክሌር አውራጃ ውስጥ ሊስዱንቫርና በምትባል ትንሽ ከተማ በየሴፕቴምበሩ የሚካሄደው የአጋር ማገናኛ ፌስቲቫል የዚሁ ታሪክ ቅሪት ነው። አንተኒ ይህን ሁሉ በትከሻው የተሸከመ ሰው ነው። በሁለቱ እርሻዎች መካከል ያለችው፣ ሁለት የአጥር በሮች ያሏትና የሮዝሜሪ ንብረት የሆነችው ቁራጭ መሬትም ለቀልድ ብቻ የገባች አይደለችም። አባትየው ወደ ገዛ ቤቱ ለመግባት ሁለት ጊዜ በር ከፍቶ ሁለት ጊዜ መዝጋት ሲኖርበት፣ አንድ የቆየ የልጆች ጠብ እንዴት ወደ ወሰን ክርክር እንደሚያድግ ያለ ማብራሪያ እናያለን። ካነበብኳቸው ሐያስያን ይህን ነገር ቆም ብሎ የተመለከተው ጥቂት ነው፤ ቅላጼው ጆሯቸውን ስለያዘው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ምስጢሩ ልምጣ፤ ፊልሙን ማየት የሚፈልግ አንባቢ ይህን አንቀጽና ተከታዩን ቢዘላቸው ይሻለዋል። በመጨረሻ፣ ዝናብ በሚወርድበት ቀን፣ በሮዝሜሪ ቤት ውስጥ ከረጅም ጭቅጭቅ በኋላ አንተኒ ለምን እንደማያገባ ይናዘዛል፦ ራሱን ንብ አድርጎ ነው የሚያምነው። እንደ ንብ ያለ ሰው ማለቱ አይደለም፤ ንብ። ተቺዎች ይህን ሲሰሙ ፊልሙን እርግፍ አድርገው ተዉት፤ ብዙ ተመልካችም በዚያች ቅጽበት በተሳሳተ ሰዓት ሳቀ። እኔ ግን በንቡ አልፈርድም። ሰው ሊናገረው የሚያፍርበት ነገር ብዙ ጊዜ ለሌላ ሰው የሚያስቅ ነገር ነው፤ ለፍቅር ኮሜዲ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መቋጠሪያ አይገኝም።

ጥፋቱ ከዚያ በፊት ባለው ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ሻንሊ መንደሩን በሙሉ ከመጀመሪያው ያልተለመደ አድርጎታል። ታሪኩን የሚጀምርልን አባትየው ሞቻለሁ ብሎ ነው። ሮዝሜሪ በልጅነቷ አባቷ ነጭ ስዋን ነሽ ስላላት ያንኑ ይዛ አድጋለች። አንተኒ የጋብቻ ጥያቄውን በአህያ ፊት ቆሞ ሲለማመድ እናገኘዋለን። አንዷ ራሷን የውኃ ወፍ አድርጋ ስትኖር ማንም ካልደነቀው፣ አንዱ ንብ ነኝ ቢል ምን ያስደነግጣል? ምስጢር ክብደት የሚያገኘው ዙሪያው ጤነኛ ሲሆን ነው፤ በዚህ መንደር ግን ጤነኛ የለም። በዚያ ላይ በመሬቱና በአባትየው ተቋጥሮ የነበረው ችግር፣ ድንገት ወደ አንድ ሰው ጭንቅላት ገብቶ የግል ነገር ይሆናል፤ እውነተኛው ጉዳይ የጠፋውም ያኔ ነው።

ይህ በመድረክ ላይ ለምን እንዳላስቸገረ መገመት ይቻላል። ተውኔቱ አራት ሰዎችን በጠባብ ክፍሎች ውስጥ የሚያስቀምጥ፣ ከቃል በቀር ሌላ ነገር የሌለው ሥራ ነው፤ ተመልካቹም ቲያትር ቤት ሲገባ የቃሉን ዓለም ለመቀበል ተስማምቶ ነው የሚገባው። ካሜራ ግን እውነተኛ ላም፣ እውነተኛ ጭቃና እውነተኛ ነፋስ ያመጣል። የማዮ ተራሮች በስቲቨን ጎልድብላት ካሜራ እጅግ ውብ ሆነው ተቀርጸዋል፤ ያ ውበት ግን ንግግሩን አጋለጠው። እውነተኛ ጭቃ ላይ የቆመ ሰው እንደ ግጥም ሲናገር ማን እንዲህ ያወራል ማሰኘቱ አይቀርም። (ሙዚቃውን የሠራችው አሜሊያ ዋርነር የዶርናን ባለቤት ናት። ልከኛና ጥሩ ሥራ ነው፤ ማንም አልነቀፈውም፣ ማንም አላሞገሰውም።)

ተመልካቹ ከሐያስያኑ ይልቅ ለዘብ ያለ ፍርድ ሰጥቷል። የሐያስያንን ፍርድ በሚሰበስበው «ሮተን ቶማቶስ» ድረ ገጽ ላይ ከተቆጠሩት ሐያስያን መካከል ፊልሙን የደገፉት ሢሶ እንኳ አይሞሉም፤ ተራው ተመልካች ግን ከዚያ የተሻለ ነጥብ ነው የሰጠው። ፊልሙ የወጣበትን ጊዜ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ሰው በወረርሽኙ ምክንያት ቤቱ ተዘግቶ በከረመበት ክረምት፣ አረንጓዴ ሜዳና ዝናብ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ የሚዘፈን ዘፈን ማየት በራሱ ደስታ ነበር። ብለንት ስትዘፍንም ያሳምራል። የፊልሙን ስም የሰጠው ያ ዘፈን መነሻው ስኮትላንዳዊ ሆኖ በቤልፋስት ቤተሰብ የታወቀ መሆኑን ሳስብ፣ በዚህ ፊልም ውስጥ ዘፈኑ እንኳ ንጹሕ የአገር ተወላጅ አይደለም ብዬ ፈገግ አልኩ።

በዚህ ዘርፍ ሐያሲና ተመልካች ሲለያዩ የቆየ ነገር ነው። በ2010 የወጣው «ሊፕ ይር» ወደ ኮርክ የምትሄድን ሴት በማዕበል ሰበብ ዲንግል ላይ አውርዶ የአየርላንድን ካርታ እንዳሻው ሲያጣጥፈው ሐያስያን ቀልደውበታል፤ ሮጀር ኤበርት ግን ከአራት ኮከብ ሦስት ሰጥቶት ነበር። በአንጻሩ በጥቂት ገንዘብ ዳብሊን ጎዳናዎች ላይ የተቀረጸው የጆን ካርኒ «ዋንስ» ሁለቱንም ወገን አስማምቷል። ያዘጋጀው የአገሩ ሰው መሆኑ ብቻ ምክንያት አይመስለኝም፤ ሰዎቹ ተነሥተው እስኪዘፍኑ ድረስ የሚናገሩት ጥቂት ነው።

በቅርቡ ፊልሙን ለሁለተኛ ጊዜ ሳይ የግርጌ ጽሑፉን አጠፋሁት። የሮዝሜሪን እናት የምትጫወተው ዲርቭላ ሞሎይ የዳብሊን ሰው ናት፤ ይህንኑ ገጸ ባሕርይ በብሮድዌይም ተጫውታዋለች። እሷ ስትናገርና ዎከን ሲመልስላት፣ ላልሠለጠነው ጆሮዬ እንኳ ሁለቱ የአንድ መንደር ሰዎች እንዳልሆኑ ወዲያው ተሰማኝ፤ የአየርላንዶቹን ቁጣም ያኔ በመጠኑ ተረዳሁት። ከዚያ ዎከን በሞት አልጋው ላይ ሆኖ፣ ለዓመታት ሲነፍገው የኖረውን ልጁን አስጠርቶ፣ እርሻውንም ፍቅሩንም የሚሰጥበት ትዕይንት መጣ። ቅላጼው እዚያም ልክ አልነበረም። የግርጌ ጽሑፉን ለመመለስ አንሥቼው የነበረውን መቆጣጠሪያ ግን ትዕይንቱ እስኪያልቅ በእጄ እንደያዝኩት ቀረሁ።