ሥጋው የማን ነው?

ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ልንሄድ ነው። ዛሬ ከሥራ ስንወጣ ጅማ መሀል ቡና ይዘን ተቀመጥንና ጫካው ውስጥ ላለ ሎጅ ደወልን። አልጋው፣ ምግቡ፣ አስጎብኚው ሁሉም በአንድ ሒሳብ ነው አሉን። ፓርኩ የዝሆንና የጎሽ አገር ነው፤ ስለ ዝሆን ግን ማንም አልጠየቀም። ጓደኛዬ ስልኩን ተቀበለኝና «ይቅርታ ወንድሜ፣ ሥጋው የማን ነው?» አለ።

ሰውዬው ሳቀ። «የእስላም ይሁን የክርስቲያን አሁኑኑ ንገሩን። የሚጾምም ካለ እንወቀው» አለ። ለካ ገበያ ሩቅ ነው፤ አስቀድሞ ያልተጫነ ነገር እዚያ አይገኝም።

በቴሌግራም የላኩልንን ፎርም ከፈትነው። አለርጂ አለብዎት ወይ ይላል። ግሉተን፣ ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ ይላል (ጤፍ ለሚበላ ሰው!)። የማን ሥጋ የሚለው ቦታ የለውም። ጅማ ውስጥ ግን አብሮ ለመብላት መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ደግሞም የሚቀየም የለም። ፎርሙን ያዘጋጀው ሰው ከእኛ ጋር ምሳ በልቶ አያውቅም መሰለኝ።

በመጨረሻ አንዷ «ሽሮ በሉት!» ብላ ገላገለችን።

በቅርብ የሄዳችሁ፣ ከጭዳ ከተማ ወዲያ መንገዱ በዚህ ዝናብ እንዴት ነው?