የራስጌው ግድግዳ

ዛሬ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መኝታ ቤቱ ለእድሳት ስለፈራረሰ ፍራሻችን ሳሎን ወለል ላይ ነው። ባለቤቴ ከጎኔ ለጥ ብሏል። ከግድግዳው ማዶ እማዬ ታስላለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ አቧራ ውስጥ ስለኖርን ሆድ የባሰኝ ከድካም ነው ብዬ ነበር። ድካም ብቻ ግን አይደለም።

ልጽፍ የተነሣሁት ስለ ሶኬት ነው። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የመብራት ሠራተኛው ይመጣል። «ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ የሚገባበትን በጠመኔ ምልክት አድርጊልኝ» ብሎኛል። ጠመኔው እጄ ላይ ነው። ሶኬቱ የት እንደሚሆን ለመወሰን አልጋው የት እንደሚቆም ማወቅ አለብኝ። የከበደኝ እሱ ነው።

ቤቱን ታውቁታላችሁ። የእማዬ አያት ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ያሠሩት ነው። ከታች የድንጋይ መሠረት፣ ከላይ በጽድ ቋሚና በማገር የተያዘ ጭቃ፣ ከፊት የእንጨት በረንዳ። የህንድና የአርመን ግንበኞች አዲስ አበባን ያስለመዷት ዓይነት በረንዳ ነው፤ ጠርዙ ላይ ጣውላው እንደ ጥልፍ ተፈልፍሏል። ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት በጣት የሚቆጠር ቀርቷል። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ የስንቱ ቤት በርና መስኮት በአይሱዙ ተጭኖ ሲሄድ ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ይህን ቤት እንደ ታማሚ ልጅ ነው የምሳሳለት።

የጀመርነው ከአያቴ፣ ከእምዬ ክፍል ነው። ከቤቱ ሁሉ ሰፊው እሱ ነው፤ 4 ሜትር ከ20 በ3 ሜትር ከ80። ለእኔና ለእሱ እንዲሆን የወሰነችው እማዬ ራሷ ናት። «እኔን ጓዳዬ ይበቃኛል» አለች። ብዙ ለመንኳት። አንዴ ከተናገረች ደግሞ ታውቋታላችሁ።

እሱ «ማስተር ቤድሩም» ይለዋል። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴም እንደዚያው ነው የምትለው። ፎቶ ትልክልኛለች፤ አልጋው ግርጌ ሶፋ የተቀመጠበት፣ መታጠቢያ ቤቱና ልብስ ማስቀመጫው እዚያው ውስጥ የሆነ። ለእማዬ ዛሬም «የእምዬ ክፍል» ነው። ጋሼ አናጢው ግን መጀመሪያ ቀን ገቡና ኮርኒሱን ቀና ብለው አይተው «እልፍኝ ነው እንዴ ይሄ!» አሉ።

እልፍኝ። ቃሏ ስንት ቀን አብራኝ ዋለች መሰላችሁ። ድሮ አዳራሹ የሕዝብ፣ እልፍኙ የባለቤቱ ነበር። ታላቁ ቤተ መንግሥት ውስጥም የምኒልክ እልፍኝና የግብር አዳራሹ ለየብቻቸው የቆሙ ቤቶች ናቸው። እልፍኝ አስከልካይ የሚባል ሹመት ነበረ፤ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚመለስ የሚያውቀው ሰው እሱ ነው። እና ባለቤቱ ከሰው ፈቀቅ የሚልበት ክፍል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር እያንዳንዱ ሰው እልፍኝ ያምረው መጀመሩ ነው። እኔንም አምሮኛል፣ አልዋሽም። በሩን ዘግቼ አንድ ሰዓት ዝም ብዬ የምቀመጥበት ቦታ እፈልጋለሁ።

ሥራውን ከመጀመራችን በፊት ስድስት ኪሎ ሙዚየሙን ልየው ብዬ ሄጄ ነበር። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ነበር። መኝታ ቤታቸው አሁንም ይታያል፤ የእቴጌይቱም ለብቻው፣ መታጠቢያ ቤቱም አለ። አልጋው ከጠበቅሁት ያነሰ ነው። ብዙ ቆምኩ። ወለሉን፣ መስኮቱን፣ የብርሃኑን አገባብ አየሁ። ምንም የምቀዳው አላገኘሁም። የማንም ትንፋሽ የለበትማ። ከገመዱ ወዲህ ሆኖ አልጋን ማየት ያስከፋል።

የእኛ ቤት እልፍኝ አስከልካይ አልነበረውም። እምዬ ክፍል ውስጥ ምስር ይለቀማል፣ ጥጥ ይፈተላል፣ ሐሜት ይሰለቃል። አልጋዋ ቀን ቀን መቀመጫ ነው። እንግዳ ከመጣ አልጋው ይለቀቅለትና እሷ መሬት ትወርዳለች። እማዬ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው የተወለደችው። በሩ ሲዘጋ ያየሁት እምዬ ያረፈች ቀን ብቻ ነው።

ወደ ሥራው ልመለስ።

ትልቁ ጭቅጭቃችን መታጠቢያ ቤቱ ነበር። እሱ ክፍሉን ከፍለን ጥጉን ሻወር እናድርገው አለ። እኔ አይሆንም አልኩ። የጭቃ ቤት ጠላቱ ውሃ ነው። ከሥር መሠረቱ ድንጋይ የሆነው፣ የጣራው ክፈፍ ረዝሞ የወጣውም ለዚህ ነው። ውሃ አንዴ ማገሩ ውስጥ ከገባ ከውጭ ምንም ሳይታይ ከውስጥ ይበሰብሳል። እህቴ እየደወለች «ዛሬ ጥሩ ጥሩ የውሃ መከላከያ አለ» ትላለች። አለ። ግን ግድግዳው ሙሉ ዕድሜውን ሲተነፍስ የኖረ ነው፤ አፉን ይዘን አናፍነው።

በመጨረሻ ከኋላ በረንዳው ጫፍ ላይ ለብቻው እንዲቆም ተስማማን። የራሱ መሠረት፣ የራሱ የብሎኬት ግድግዳ አለው። ከአሮጌው ግድግዳ በአንድ ክንድ ይርቃል። መሃሉን ጣራ ያለው አጭር መተላለፊያ ያገናኘዋል። ባለ 110 ሚሊ ሜትሩ የፍሳሽ ቱቦም በዚያ በኩል ወጥቶ ይሄዳል፤ የእምዬን ግድግዳ አይነካም። ሌሊት ለሽንት ስንነሣ አራት እርምጃ ብርድ ውስጥ እንሄዳለን ማለት ነው። ይሁን። በኅዳር ብርድ ያማርረን ይሆናል፤ እሱም አሁኑኑ እያማረረ ነው። ወፍራም ጋቢ በሩ ላይ ይሰቀላል ብዬዋለሁ።

ልስኑም እንደዚያው ሆነ። የመጀመሪያው ለሳኝ ሲሚንቶ ይዞ መጣ። «ድንጋይ ይሆንልሻል» አለኝ። ጋሼ አናጢው ሰሙትና ተቆጡ። ሲሚንቶ ጭቃ ላይ ለጊዜው ያምራል። ቆይቶ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል፤ እርጥበቱንም ከውስጥ አስሮ ያስቀራል። ስለዚህ ጭድ ያለበት ጭቃ አስቦክተን መረግነው፤ ላዩን ኖራ። ጭቃው ሲቦካ ጊቢው በሙሉ ሸተተ፤ እኔ ግን ሽታውን ወደድኩት። እንደ ክረምት ሜዳ ነው።

ቁም ሳጥኑም ጋሼ እንዳሉት ከግድግዳው አራት ጣት ፈቀቅ ብሎ ይቆማል፤ አየር ከኋላው እንዲያልፍ። ግድግዳው በቱምቢ ሲለካ የትም ቦታ ቀጥ አይልም። ጋሼ የጣውላውን ጠርዝ በግድግዳው ሆድ ልክ እየላጉ አስማሙት። ግማሽ ቀን ወሰደባቸው። ሥራ ሲያምር ከዚህ በላይ የሚያስደስተኝ ነገር የለም።

የኋላው መስኮት ሌላ ጣጣ ነበር። ጀርባችን ያሉት የኪራይ ክፍሎች ሐምሌ 19 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ «ትርፍ ቤት» ተብለው ተወሰዱ። ቤተሰቡ የሚኖርበት ይህ ብቻ ቀረ። የእምዬ መስኮት ከዚያ ወዲህ የሚያየው የጎረቤት ማድ ቤት ነው። እሱ ከፍ አድርገን ትንሽ መስኮት እናድርገው፣ ነፃነት ይኖረናል አለ። ትክክል ነው፤ ነፃነትማ ይኖረን ነበር። ግን እምዬ በዚያ መስኮት ስንት ዓመት እሳት ስትጫጫር፣ ሽሮ ስትቀባበል ኖራለች። እኔም ልጅ ሆኜ ከዚያ መስኮት ትኩስ አምባሻ ተቀብያለሁ። መስኮቱ ባለበት ቀረ። ወፍራም መጋረጃ ይሰቀልለታል። የእንጨት መዝጊያውን ጋሼ ነቅለው አጠቡትና መልሰው ሰቀሉት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በሁለቱ ጣውላዎች መሃል አንዲት ቀጭን ብርሃን ትገባና ወለሉን ሰንጥቃ በሩ ድረስ ትሄዳለች። ስንጥቁን እንዳይደፍኑት ለመንኳቸው።

አሁን ወደ አልጋው።

የእሱ ሐሳብ አልጋው መስኮቱ ሥር ሆኖ ራስጌው ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ነው። ከበር ሲገቡ ፊት ለፊት ይታያል፣ ያምራል። እኔም ተስማምቼ ነበር። ሶኬቶቹን ግራና ቀኝ አስቤ፣ ኮመዲኖዎቹን ሁሉ ለክቼ ጨርሼ ነበር።

ዛሬ ከሰዓት ቀለም ቀቢው የምዕራቡን ግድግዳ ሲፍቅ ጠራኝ። ከላይ ውሃ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ነበር። ከሥሩ አረንጓዴ። ከሥሩ ጋዜጣ፤ ፊደሉ ብን ብሎ ጠፍቷል፤ አንድ ማስታወቂያ ላይ «ልብስ ሰፊ» የሚለው ብቻ ይነበባል። ከጋዜጣው ሥር ኖራ። ኖራው ላይ ደግሞ የትንሽ ሰፌድ ያህል የሆነ ቡናማ ክብ አለ። ዳር ዳሩ ፈዞ መሃሉ ጠቁሯል።

«እህቴ፣ ይሄ ቦታ ቀለም አይዝም» አለኝ።

«ዘይት ነው?»

«ቅቤ ነው። አሮጌ ቤት ላይ አይቻለሁ። ራሳቸውን የሚያስደግፉበት ነው። ካልተቆፈረና እንደገና ካልተመረገ ሁሌ ቀለሙን እያለፈ ይወጣል።»

ተንበርክኬ አየሁት። አልጋ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ያስደገፈች ሴት ራስ የሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው። አሸተትኩት፤ የጭቃ ሽታ ብቻ ነው ያለው። እጄን ሳሳርፍበት ግን ለስላሳ ነው። እንደ ተወለወለ ቆዳ ያለ ልስላሴ። ሌላው ግድግዳ እጅ ይፍቃል፤ ያ ቦታ እጅ ይቀበላል።

የእምዬን አልጋ እኔ የማስታውሰው በሩ ጎን ነው፤ ያ ግን በእርጅናዋ፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ እንድታይ ተብሎ የተዛወረ ነው። በጉልበቷ ዘመን የምዕራቡ ግድግዳ ላይ ነበር ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ቆየሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተመልሼ ገባሁና መዳፌን ግድግዳዎቹ ላይ ተራ በተራ አሳረፍኩ። ዝናቡ የመጣው በኋላ ነው፤ ከሰዓት ፀሐይ ነበረች። የምሥራቁ ቀዝቅዟል። መስኮቱ ሥር ያለው ጭራሽ ይበርዳል። የምዕራቡ ግን ሙቅ ነው። ወፍራም ጭቃ ከሰዓት የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ነው የሚተፋው። ያለ ማሞቂያ፣ ያለ ምንም፣ የክፍሉን ሞቃት ቦታ አግኝታ ራሷን ያስደገፈችው እዚያ ነው። እኔ ስንት ወረቀት ሥዬ መስኮት ሥር ልተኛ ነበር።

ስለዚህ አልጋው ወደ ምዕራቡ ግድግዳ ይዞራል። ይህን ለእሱ ነገ እነግረዋለሁ፤ መዳፉን ካሳረፈበት እሺ ይላል። ሶኬቶቹም ይዞራሉ። እዚህ ላይ ጨርሼ መተኛት ነበረብኝ።

ግን ሌላም አለ። ከትልቁ ክብ በስተቀኝ፣ ሁለት ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ሌላ ትንሽ ክብ አለ። የቡና ስኒ ማስቀመጫ ያህላል። የልጅ ራስ ነው። ከእምዬ ጎን ተቀምጦ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ ግድግዳውን ብዙ ጊዜ የተደገፈ ልጅ። አንድ ቀን የሚያወጣው ክብ አይደለም።

እማዬን ጠራኋት። «እማዬ፣ ነይ ራስሽን እዪው» አልኳት፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከጓዳ መጣች። መነጽሯን አላደረገችም። ጎንበስ አለችና በአውራ ጣቷ ትንሿን ክብ አንድ ጊዜ ዞረቻት።

«የእኔ አይደለም» አለች። «እኔ ግርጌ ነበር የምተኛው።»

ከዚያ ሽንኩርቱ እንዳያርባት ብላ ተመለሰች። እራት ላይ ስለ ዘይት ዋጋ አወራን።

የእኔ እንዳይሆን፣ እኔ ስወለድ ግድግዳው ውሃ ሰማያዊ ተቀብቷል፤ ፎቶ አለ። እማዬ ደግሞ ለእምዬ አንድ ልጅ ናት። እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የማውቀው።

ቀለም ቀቢው ነገ ቆፍሬ ልምረገው ወይስ ልተወው ብሎ መልስ ይጠብቃል። ዝናቡ ቆሟል። እማዬም ማሳል አቁማለች፤ ግን እንዳልተኛች አውቃለሁ፤ አልጋዋ ሲንቋቋ ይሰማኛል። ተነሥቼ በሩን ላንኳኳ? «እማዬ፣ ራስጌ የሚተኛው ማን ነበር?» ልበላት?