ኤግዚቢት አንድ

በአንድ የድሮ ፍርድ ቤት የዕድሳትና ማስፋፊያ ሥራ ቃለ ጉባኤ ላይ፣ ልስኑ ከሲሚንቶ ወደ ኖራ የተቀየረው «በአማካሪው ሀሳብ አቅራቢነት» እንደሆነ ሰፍሯል። አማካሪው ፈርሞበታል፣ አሠሪው ፈርሞበታል፣ የእኛም ሥራ አስኪያጅ ፈርሞበታል። እኔ እዚያ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ያቺ ሐረግ ትዝ ስትለኝ አንዳንዴ ያስቀኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ አያስቀኝም።

የኮንትራክተሩ የሳይት መሐንዲስ ነበርኩ። ሕንፃው ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው፤ በውጭና በውስጥ በኩል ጥርብ ድንጋይ፣ መሀሉ በኖራና በስብርባሪ ድንጋይ የተሞላ። ከእኛ በፊት የሆነ ሰው «ላጠንክረው» ብሎ ከመሬት እስከ መስኮቱ ደፍ ድረስ በሲሚንቶ ለስኖታል። ከዚያ ወዲህ እርጥበቱ ከደፉ በላይ ወጥቶ፣ ትንሹ ችሎት ውስጥ ግድግዳው ጨው እያበቀለ ነጭ ዱቄት ያራግፋል። ቢሉ፣ ማለትም የውሉ የሥራ ዝርዝር፣ ለዚህ በሽታ ያዘዘው መድኃኒት ደግሞ ያው ነው፦ የተጎዳው ልስን ተነስቶ በአንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ ይለሰን። ከሌላ አዲስ ሕንፃ ቢል ተቀድቶ እንደመጣ ለማወቅ ጠበብት መሆን አያሻም፤ እዚያው ገጽ ላይ «የብሎኬት ግድግዳ ልስን» የሚል መስመር አለ፣ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ግን አንድም ብሎኬት የለም።

ዋና ግንበኛችንን ሁላችንም ጋሼ ብቻ ነው የምንላቸው። አሮጌውን ልስን ማንሳት የጀመርን ሰሞን ካዞላቸውን አስቀምጠው መጡ።

«ልጄ፣ ይሄን ግንብ በሲሚንቶ አልለስንም።»

«ቢሉ እኮ ሲሚንቶ ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«ቢሉን ይልሰነው።»

እሳቸው ሙያውን ከእጃቸው ነው የሚያውቁት፤ ምክንያቱን በመሐንዲስ አፍ መናገር የኔ ፋንታ ሆነ። የድንጋይ ግንብ ከመሬት ውኃ ይስባል፤ ይህን ማስቆም ከባድ ነው። የኖራ ልስን ግን ቀዳዳማ ስለሆነ ውኃው በእሱ በኩል ወጥቶ ይተናል፤ ጨውም ካለ ልስኑ ላይ ይቀራል። ሲሚንቶ መውጫውን ሲዘጋበት ውኃው ወደ ላይ ይወጣና ከልስኑ በላይ ያለውን ክፍል ያርሳል፤ ጨው ደግሞ ከሲሚንቶው ጀርባ ድንጋዩ ውስጥ ክሪስታል ይሠራና የድንጋዩን ፊት ገፍቶ ይነቅለዋል። ጥንካሬ የሚባለው ነገር እዚህ ቦታ ላይ ጥፋት ነው፤ ልስን ሁልጊዜ ከተለሰነበት ነገር መድከም አለበት። ፖርትላንድ ሲሚንቶ የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው፤ ከዚያ በፊት በዓለም ላይ ለቆመው ለብዙው ግንብ የኖረው ኖራ ነው።

ይህን ጽፌ ለአማካሪው ላክሁ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «በውሉ መሠረት ይሠራ።»

እውነቱን ለመናገር፣ የጠረጠረን አለምክንያት አልነበረም። ኖራ ቢሉ ውስጥ የለም፤ ቢሉ ውስጥ የሌለ ነገር ቫሪየሽን፣ ማለትም የውል ለውጥ፣ ነው፤ ቫሪየሽን ደግሞ ለኮንትራክተር ገንዘብ ነው። «ኮንትራክተር ስለ ቅርስ ሲያለቅስ ኪሱን ዳብሰው» ብሎ በቢሮው ሲሳለቅ ሰምተናል። አሳብ ሳይሆን ሰው መዝኖ ነው የፈረደው። ነገሩ ሳይፈታ ወደ ፕሮጀክት ኮሚቴው ሄደ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ናቸው፤ ራሳቸውም ያስችላሉ። ስብሰባ የሚመሩት ልክ ችሎት እንደሚመሩት ነው፦ ሰው ሲናገር አያቋርጡም፣ ከጨረሰ በኋላ ግን ያልተናገረውን ይጠይቁታል። ፍርድ ቤቱ ሥራ ስላላቋረጠ ችሎት በተቀመጠ ቁጥር መዶሻ እንድናቆም የሚያዙን እሳቸው ናቸውና፣ ያለፍኳቸው ቀናት ሁሉ በእሳቸው ላይ ስነጫነጭ ነበር ያለፉት። ያን ቀን ግን ወደድኳቸው።

አማካሪው ጀመረ። ስለ ሲሚንቶ ጥንካሬ፣ ስለ ውሉ፣ ስለ ኮንትራክተሮች አመል በሰፊው አስረዳ። ሲጨርስ፣

«ግድግዳውን ራስዎ አይተውታል?» አሉት።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ስፔሲፊኬሽኑ በግልጽ...»

«ስፔሲፊኬሽኑን አንብቤዋለሁ። የጠየቅሁዎት ግድግዳውን ነው።»

«ባለሙያዎቻችን በየሳምንቱ ሪፖርት ያደርጉልኛል።»

«እንግዲያው የሚነግሩን የሰሙትን ነው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎስ? በኖራ ከሆነ ለድርጅትዎ የሚጨመር ክፍያ አለ?»

«አለ።»

ሥራ አስኪያጄ ጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። አጠገቤ ስለነበር ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም።

«ጥቅም እንዳለው ሳይደብቅ የሚናገር ምስክር ጥሩ ነው» አሉ ፕሬዚዳንቷ፣ «ብቻውን ግን አይበቃም። በዓይኑ ያየ ሰው የለም?»

ጋሼ በር ላይ ቆመው ነበር። የሥራ ልብሳቸውን ስላልቀየሩ ወንበር ላይ መቀመጥ አልፈለጉም። ከያዙት ጆንያ ውስጥ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቅርፊት አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ይሄ ሲሚንቶው ነው፣ ክብርት» አሉ። ገለበጡት። «ይሄ ደግሞ ድንጋዩ ነው። ሲሚንቶው ሲለቅ ብቻውን አልወጣም፤ የድንጋዩን ፊት ይዞት ነው የመጣ። የጠራቢው የመሮ ምልክት መሀል ላይ ተቀብሮ ቀርቷል።»

አማካሪው አንገቱን አስግጎ አየና፣ «አንድ ናሙና ነው። ላቦራቶሪም አልገባም» አለ።

«ጌታዬ፣ ሌላ ካስፈለገዎት ትንሹ ችሎት ውስጥ ከወንበሮቹ ሥር መጥረግ ነው።»

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላየሁም። ፕሬዚዳንቷ ግን አልሳቁም፤ ቅርፊቱን በጣታቸው እየዳበሱ ቀጠሉ።

«ኖራውስ ቆይቶ አይለቅም?»

«ይለቃል እንጂ! እንዲለቅ እኮ ነው የሚለሰነው። እሱ ይለቃል፣ ድንጋዩ ይቀራል። ኖራውን መልሰን እንለስነዋለን፤ ድንጋዩን ግን ማን መልሶ ያመጣዋል?»

«እንግዲህ የሚለቅ ነገር በገንዘብ እንግዛ ማለት ነው?» አለ አማካሪው፣ ወደ ሁላችንም እየተመለከተ። በእኔ ግምት የተሸነፈው እዚህ ጋ ነው፤ ጥያቄው ጎበዝ ነበር፣ መልሱ ግን ቀድሞት ተነግሯል።

ፕሬዚዳንቷ «ኤግዚቢት አንድ ተብሎ ይያዝ» አሉ። ቀልዳቸውን ነበር። አጠገባቸው የተቀመጡት ሬጅስትራር ግን ቀልድ የሚባል ነገር ከመዝገብ ቤት ደጅ ገብቶ የማያውቅ ሰው ናቸው፤ ቅርፊቱን በወረቀት ጠቀለሉት።

ከዚያ በኋላ ለጀማሪ መሐንዲሶች ሁሉ «በቃል አትከራከሩ፣ ማስረጃ ይዛችሁ ግቡ» እያልኩ ስመክር ኖሬአለሁ። ምክሩ ክፉ አይደለም። የማልነግራቸው፣ ከስብሰባው ስንወጣ ፕሬዚዳንቷ ኮሪደር ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ ያሉኝን ነው፦ «እኔም ጥቅም ነበረኝ። በየጠዋቱ ጥቁር ካባዬ ላይ የሚራገፈው ያ ነጭ ዱቄት ነው።» የትንሹ ችሎት ዳኛ ሌላ ሰው ቢሆን ቅርፊቱ ይህን ያህል ይናገር እንደነበር እንጃ።

ያ አማካሪው የፈራው የቫሪየሽን ገንዘብም የትም አላደረሰንም። ኖራ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ የሚጠነክረው ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ነው፣ ይህ ደግሞ ሰው ስለቸኮለ አይፈጥንም። በስስ ስስ ይለሰናል፣ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል፣ ፀሐይ ካገኘው ዱቄት ይሆናል። ጋሼ በስካፎልዲንጉ ላይ እየዞሩ ጆንያ ሲያርሱ፣ ሥራ አስኪያጄ ከታች ሰዓቱን ያያል። ያገኘነውን ጭማሪ መዘግየቱ በላው።

ማስፋፊያውም የራሱ ጣጣ ነበረው። ሕንፃው የሚሰፋው የቢሮ ጥበት ስለነበረ ብቻ አይደለም፤ በድሮው ሕንፃ ያለው ኮሪደር አንድ ነው፣ ዳኛው፣ ታሳሪው፣ የተበዳይ ቤተሰብና ምስክሩ ትከሻ ለትከሻ እየተላለፉ ወደ አንድ በር ይገባሉ። ዛሬ ፍርድ ቤት ሲነደፍ ለዳኞች፣ ለታሳሪዎችና ለባለጉዳዮች ሦስት የማይገናኝ መንገድ ይደረጋል፤ በአሮጌው ግንብ ውስጥ ግን ይህን ማድረግ ግንቡን መበሳሳት ነው። ስለዚህ አዲስ ክንፍ። አማካሪው አዲሱ ክንፍ የአሮጌው ግልባጭ እንዲሆን፣ ቅስቱም ሳይቀር እንዲቀዳ፣ የሶሌታውም (የወለሉ ኮንክሪት) ፌሮ አሮጌው ግንብ ውስጥ ተበስቶ እንዲታሰር ፈለገ። አሮጌው ግንብ መስመጡን ከጨረሰ ዘመን ሆኖታል፤ አዲሱ ገና ይሰምጣል፤ አስረህ ካቆራኘሃቸው የሚሰነጠቀው የቱ እንደሆነ ግልጽ ነው። ይህን ግን በቀላሉ ተቀበለ፤ ስሌት ነውና።

በመልኩ ላይ ግን የተከራከረችው የራሱ ቢሮ ወጣት አርክቴክት ናት። እ.ኤ.አ. የ1964ቱን የቬኒስ ቻርተር፣ የቅርስ ጥገና ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ ጠቀሰች፤ ጭማሪ ሲኖር ከነባሩ መለየትና የራሱን ዘመን ማሳየት አለበት ይላል። ከዚያ ስዊድን ያለውን የጎተንበርግ ፍርድ ቤት ፎቶ አወጣች። አርክቴክቱ ጉናር አስፕሉንድ የማስፋፊያውን ውድድር ያሸነፈው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው፤ ሥራው ያለቀው በ1937። በዚያ ሁሉ ዓመት ንድፉን እየለዋወጠ፣ ከአሮጌው ጋር መንታ ከሚመስል ፊት ተነስቶ፣ አጽሙ የሚታይ ዘመናዊ ፊት ላይ ደረሰ። መስኮቶቹን ከየክፍላቸው መሀል አንስቶ ወደ አሮጌው ሕንፃ በኩል አስጠጋቸው። ሲገለጥ ጋዜጦች ወረዱበት፤ ዛሬ የአርክቴክቸር ተማሪ ሁሉ ያጠናዋል።

«ይሄ ስዊድን አይደለም» አላት አማካሪው። እሷም ዝም አለች፤ ደመወዟን የሚፈርመው እሱ ነው። በመጨረሻ በስምምነት የተሠራው አዲሱ ክንፍ ልሙጥ ድንጋይ፣ ቁመቱ ከአሮጌው ክፈፍ እኩል፣ መሀላቸው ጠባብ የመስታወት መተላለፊያ ነው። አማካሪውም እንዳያዝን አንዲት ቅስት በጓሮ በር ላይ ቀረችለት። ቆሻሻ የሚወጣበት በር ነው።

ርክክቡ ዕለት አማካሪው ለእንግዶች ግንቡን እያስጎበኘ ነበር። በእጁ የኖራውን ልስን መታ መታ አድርጎ፣ ስለ ውኃ መትነን፣ ስለ ጨው፣ ልስን ከድንጋይ ስለ መድከሙ አስረዳቸው። ቃል በቃል የኔ ደብዳቤ ነበር፤ ቢያንስ አንብቦታል። ጋሼ ከኋላ ቆመው ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። «ጥሩ አድርጎ ገብቶታል» አሉኝ። ቃለ ጉባኤው እሳቸውን እንደማያነሳ ነገርኳቸው። «ልስኑ ላይ ስሙን አልጻፈም አይደል?» ብለው ወደ ጆንያቸው ሄዱ።

የጋሼ ድርሻ የተጻፈበት አንድ ወረቀት ብቻ አለ። ሳይት ቢሯችንን ዘግተን ከወጣን በኋላ ከፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ደብዳቤ ደረሰን፦ «ኤግዚቢት አንድ፣ በግንበኛው የቀረበ፣ የሲሚንቶና የድንጋይ ቅርፊት» በንብረት ክፍል ተመዝግቦ እንደሚገኝ፣ ይሁን እንጂ በየትኛው መዝገብ ላይ እንደቀረበ ስለማይታወቅ ለማስወገድም ሆነ ለመመለስ እንዳልተቻለ ገልጾ፣ የመዝገብ ቁጥሩን በአስቸኳይ እንድናሳውቅ ያሳስባል።