ከበደ በጉን አረደ

ደሴ ዛሬም ጉም ውስጥ ናት፣ መብራትም ሄዷል። የእህቴ ልጅ ፈተና ደርሶበት ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ያዘኝና «ጋሼ፣ ይቺን የራይቦዞም መንሸራተት የሚሏትን ነገር አስረዳኝ» አለኝ።

ራይቦዞም ሴል ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራው ማሽን ነው። የአርኤንኤን፣ ማለትም የፕሮቲኑን መመሪያ የያዘውን መልእክት፣ ፊደላት ሦስት ሦስት እያደረገ ያነባል። ሶፍት ላይ «ከበደ በጉን አረደ» ብዬ ጻፍኩለት፤ ሁሉም ባለ ሦስት ፊደል። እስቲ ከ«ከበደ» በኋላ አንድ ፊደል ወደ ኋላ ተንሸራተት፦ «ደበጉ ንአረ…» ሳቀ። ለእኛ ቅዠት ነው። ቫይረስ ግን ተንኮሉ፣ ሁለተኛውም ንባብ ትርጉም እንዲሰጥ አድርጎ ነው የጻፈው!

ኤችአይቪን እንይ። ከአርኤንኤው ፊደላት ስድስት «ዩ» ተደርድረው አንድ «ኤ» ይከተላል፤ የሚያዳልጠው እዚህ ጋ ነው። ከፊቱ ደግሞ አርኤንኤው ራሱ ላይ ተጣጥፎ መንገዱን ያጨናንቃል። ራይቦዞሙ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ከ100 5 ጊዜ ያህል ግን ሸርተት ይላል። ካልተንሸራተተ ጋግ የሚባለው የቫይረሱ አካል መሥሪያ ፕሮቲን ይወጣል፣ ከተንሸራተተ ደግሞ ኢንዛይሞቹን ጭምር የያዘው ረጅሙ ጋግ-ፖል። 20 ለ 1 በሉት። ግድግዳው ብዙ ይፈልጋል፣ ኢንዛይም ትንሽ ይበቃል። ይህ ሚዛን ከተናጋ ቫይረሱ በቅጡ መራባት ያቅተዋል፤ ተመራማሪዎች ለመድኃኒት ዓይናቸውን የጣሉበትም ለዚህ ነው። ኮሮናም ይቺኑ ዘዴ ይጠቀማል።

ተመራማሪዎቹ ታይለር ጃክስና ሃሮልድ ቫርመስ በ1985 እ.ኤ.አ. ይህን መንሸራተት ያሳዩት ዶሮ ላይ ዕጢ በሚያመጣ ቫይረስ ነው። ልጁ ይሄኔ ቀና አለና «ዶሮም አልቀረላት?» አይለኝም!