ጉርሻው አልገባ ካለ ሰነበተ

ከስታዲየም ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኝ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ከጀመርሁ 11 ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ካበላሸኋቸው ሥራዎች ሁሉ አሁንም ድረስ የሚከነክነኝ፣ ባለፈው ዓመት ከሰበታ እየተመላለሱ ይታከሙ ለነበሩ አንዲት እናት የሠራሁት የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ነው። የመንጋጋቸው ቅጂ በሆነው የጄሶ ሞዴል ላይ ሲቀመጥ ፀጉር የሚያሳልፍ ክፍተት አልነበረውም፤ አፋቸው ውስጥ ግን አልገባም።

እኚህ እናት ከአፍንጫቸው ጀርባ በወጣ ካንሰር ምክንያት በ35 ቀጠሮ በድምሩ 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር ወስደው ሕክምናውን የጨረሱት በሰኔ ወር ነበር። ጨረሩ ከመጀመሩ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በግራም በቀኝም የነበሩት የተቦረቦሩ የታች መንጋጋ ጥርሶቻቸው ተነቅለውላቸዋል። ይህም ተገቢ ነበር፤ ከ60 ግሬይ በላይ ጨረር ያረፈበት የመንጋጋ አጥንት የደም ሥሮቹ ስለሚሳሱ፣ ከዚያ በኋላ ጥርስ ቢነቀል ቁስሉ ላይሽር፣ አጥንቱም ሊሞት ይችላል። አደጋው ከላይኛው መንጋጋ ይልቅ በታችኛው ይበረታል፤ ዓመታት አለፉ ተብሎም አይረሳም።

ወደ እኔ የመጡት በየካቲት፣ ጨረሩን በጨረሱ በስምንተኛው ወር ነው። በአንድ እጃቸው የራጅ ፖስታ፣ በሌላው በተለምዶ ሃይላንድ የምንለውን የውኃ ፕላስቲክ ይዘው ገቡ። የምራቅ ዕጢዎቻቸው በጨረሩ ስለተጎዱ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ከተናገሩ በኋላ አንድ ጊዜ ይጎነጫሉ። የቀሩት የፊት ጥርሶቻቸውም ከድድ ጋር በሚገናኙበት አንገታቸው ላይ ቀጭን ቡናማ መስመር ጀምሯቸው ነበር። ጥርስን ቀን ከሌት የሚያጥበው ምራቅ ሲጠፋ ጥርስ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ፣ ማታ ማታ የሚቀባ ፍሎራይድ አዘዝሁላቸው። በርበሬ ካቆሙ ከርመዋል፤ የሚበሉት በአልጫ የራሰ ፍትፍት ብቻ ነው። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ «እንጀራውን እንደ ሰው ላላምጠው።»

አፋቸው ሙሉ በሙሉ አይከፈትም ነበር። በማስመሪያ ስለካው በላይና በታች የፊት ጥርሶች መካከል 27 ሚሊሜትር ሆነ። ጤነኛ ሰው የራሱን ሦስት ጣቶች ደራርቦ በጥርሶቹ መካከል ማስገባት ይችላል፤ ከ35 ሚሊሜትር በታች ሲሆን መንጋጋው እየተቆለፈ ነው እንላለን። ጨረር ያገኛቸው የማላመጫ ጡንቻዎች ቀስ በቀስ ጅማት እየመሰሉ ይጠነክራሉ፤ ይህም ጨረሩ ሲቆም አብሮ አይቆምም፤ ከዚያ በኋላም ለወራት ይቀጥላል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ቁጥሩንም በካርዳቸው ላይ ጻፍሁት፣ ገጹንም ገለጥሁት።

ልክ መውሰጃው ትሬይ አልገባ ስላለ ለሁለት ቆርጬ የግራውንና የቀኙን ጎን ለየብቻ ወሰድሁ፤ የላይና የታች ጥርሶቹ የሚገጥሙበትንም በዚያው ቀን በሰም ያዝሁ። ማታ ቴክኒሻኑ ደወለልኝ። ፒያሳ ሲፈርስ የጥርስ ላቦራቶሪው ሩቅ ሰፈር ስለተዛወረ፣ ድሮ በእግር ሄደን ሞዴሉን በመካከላችን አስቀምጠን የምንነጋገረውን አሁን በስልክ ነው የምንጨርሰው።

«ዶክተር፣ ልኩ ሁለት ቁራጭ ነው። ጥርሱስ አንድ ወጥ ይሁን?»

«አዎ፣ አንድ ወጥ አድርገው» አልሁት። ግራና ቀኙ ሲያያዝ ይጠነክራል፤ ሲያላምጡም አይወዛወዝም። ልኩን ለሁለት የከፈልሁት ለምን እንደ ነበር በዚያች ደቂቃ አላሰብሁም።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። አክሪሊኩ፣ ማለትም ጥርሱ የሚተከልበት ፕላስቲክ፣ ከመጋገሩ በፊት ጥርሱ በሰም ላይ ተደርድሮ በታካሚው አፍ ይሞከራል። ለመንገዳቸው አዝኜ፣ ከሰበታ ድረስ በሁለት ታክሲ ከማመላልሳቸው ብዬ ዘለልሁት። ልኩ የተወሰደው ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሲሆን፣ በዕቃ እጥረትም በበዓልም ምክንያት ተሠርቶ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነበር።

በቀጠሯቸው ቀን ከልጃቸው ጋር መጡ። ጥርሱን አርጥቤ በጎን በኩል ሞከርሁ፤ አልገባም። አዙሬ ከቀኝ ጀመርሁ፤ የቀኙ ገባ፣ የግራው የከንፈራቸውን ጥግ ወጥሮ ቆመ። በዚህ ጊዜ ማቆም ሲገባኝ ጥቂት ገፋ አደረግሁት። አልጮሁም፤ የወንበሩን ክንድ ብቻ ጨበጡ። ሳወጣው የአክሪሊኩ ጠርዝ በምላስ በኩል ያለውን የመንጋጋቸውን ጎን ፍቆት፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቦታ ደም አዝላ ነበር። እዚያ አጥንቱን የሚሸፍነው ሥጋ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ስስ ነው፤ ጨረር ያረፈበት ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው።

ማስመሪያውን አነሣሁ። 22 ሚሊሜትር።

«መቼ ነው እንዲህ የጠበበው?» አልኋቸው።

ልጃቸው ቀደመች፤ «ዶክተር፣ ጉርሻው አልገባ ካላት ሰነበተ። ከጾሙ እኩሌታ ጀምሮ እያሳነስሁ ነው የማጎርሳት።» በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል የምታጎርሰውን መጠን አሳየችኝ፤ ከሽምብራ ብዙም አይበልጥም።

«ታዲያ ስልክ ስደውል ለምን አልነገሩኝም፣ እናቴ?»

ውኃቸውን ተጎነጩና «የሚጠይቁኝ እኮ ስለ ጥርሱ ነው፤ ስለ አፌ መቼ ጠየቁኝ?» አሉኝ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገሩት። እውነትም በጾሙ ወቅት ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ጥርሱ አለመድረሱን ነግሬ ይቅርታ ጠይቄ ዘጋሁ። ከሆስፒታል የታዘዘላቸውን የአፍ ማላቀቂያ እንቅስቃሴም ጉንፋን ይዟቸው ትተውት እንደ ነበር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሁለት ሳምንታት ረጅም ነበሩ። በየሦስት ቀኑ፣ የታክሲውን እኔ እየከፈልሁ፣ ቁስሏን አየኋት። የምፈራው ነጭ አጥንት ብቅ እንዳይል ነበር። በ16ኛው ቀን ሥጋው ሸፈናት። ድኗል ከማለት በቀር ለራሴ የምሰጠው ምስጋና የለኝም።

አፋቸውን ለማላቀቅ የተጠቀምነው ሐኪም ምላስ በሚጫንበት ጠፍጣፋ እንጨት ነው። የአንዱ ውፍረት አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ፣ ተደራርበው 13 እንጨቶች በጥርሶቻቸው መካከል ሲገቡ ጀመርን። በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ ሳያስገድዱ መያዝ፤ ሲለምዱት በመካከል አንድ መጨመር። ልጃቸው ቁጥሩን ምጣድ አጠገብ በተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ላይ ትጽፈው ጀመር። በሁለተኛው ወር 16 እንጨት፣ በማስመሪያ 26 ሚሊሜትር ደረሱ። ከዚህ በላይ እንደማይሄዱ ስለገመትሁ ጥርሱን በጠበበው አፍ ልክ እንደገና አሠራሁት።

አሁን ለሁለት የተከፈለ ነው። የቀኙ ብቻውን ይገባል፣ ከዚያ የግራው፤ ከፊት ጥርሶቹ በስተኋላ በአንደኛው ላይ ያለች ቀጭን የብረት ካስማ በሌላው ላይ ወዳለች ቱቦ ገብታ ታያይዛቸዋለች። የውስጡን ገጽ ነጭ የግፊት ማሳያ ቅባት እየቀባሁ፣ ቅባቱ የተጠረገበትን ቦታ ሁሉ ፋቅሁት። ሌሊት አውልቀው እንዲተኙ፣ ጥቂት እንኳ ከጠዘጠዛቸው አውጥተው እንዲደውሉልኝ ነገርኋቸው። በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱም አየኋቸው። ቴክኒሻኑ አንድ ነገር ጨምሯል፤ በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ የአፉ መከፈቻ ልክና የተለካበት ቀን ካልተጻፈ ጄሶውን አላፈስም ይላል። በዚያ ስልክ ጥሪ ምክንያት ይህን የማለት መብት አለው።

መጀመሪያ ላይ ካስማዋን ማስገባት አቅቷቸው ልጃቸው ነበረች የምታያይዝላቸው፤ ልጅቷ ሥራ ከዋለች ደግሞ ምሳቸውን ያለ ጥርስ ይበሉ ነበር። በሳምንቱ ሲመጡ የንባብ መነጽራቸውን አደረጉና የእጅ መስተዋቴን ተቀበሉኝ። ሁለት ጊዜ ሳቱት። በሦስተኛው ቀጭን የ«ቀጭ» ድምፅ ተሰማ፤ ከቦርሳቸውም በፌስታል የተጠቀለለ ቁራሽ እንጀራ አውጥተው፣ እኔን ሳይጠይቁ፣ በግራ በኩል ማላመጥ ጀመሩ።